ሐራራ በቡና አገር

«ሙድ» የሚሉት ቃል እኛ ዘንድ ከገባ ወዲህ የማይገባበት የለም። ሙድ የተያዘበት ሰው ተቀልዶበታል። ሙድ ያለው ካፌ መብራቱም ሙዚቃውም ይስማማል። «ዛሬ ሙዴ አይደለም» ያለችን ልጅ ደጋግሞ መለመን ትርፉ ውርደት ነው። የሰፈሬ ጎረምሶች አንድ ወሬ ሳይጨርሱ ሦስቱንም ፍቺ ያዳርሱታል፤ «የትኛውን ሙድ ነው የምትለው?» ብሎ የሚጠይቃቸውም የለም። እኔም ከቃሉ ጋር ጠብ አልነበረኝም። ጠቡ የመጣው በአንድ ጥቅምት፣ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፣ ሸኮ አካባቢ ነው። መንስኤው ቡና ነው፤ ወይም የቡና እጦት። ቡና በሞላበት አገር ቡና አጥቶ መንከራተት የኔ ብጤ ዕድለኛ ብቻ የሚያገኘው ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨጓራዬ አላስቀምጥ አላስተኛ ቢለኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩና ቡና፣ በርበሬና ቃሪያ ለጊዜው እንድተው ታዘዝኩ። በርበሬውንና ቃሪያውን በአልጫ ቻልኩት። ቡናው ግን በምን ይቻላል? ቡና የለመደ አንጀት በሻይ አይሸነገልም። ያንኑ ሰሞን አጎቴ ደወለ። አጎቴ በደርግ ጊዜ በመንግሥት የቡና እርሻ ቀን ሠራተኛ ሆኖ ወደዚያ አገር ሄደ፤ በዚያው ቀረ፣ አገባ፣ ወለደ፣ የራሱን ቡና ተከለ። አሁን ጉልበቱ ሲደክም መሬቱን በቁሙ ለሦስት ልጆቹ ሊያካፍል አስቧል፤ ልጆቹ ደግሞ በማን ምን ይድረሰው ተኳርፈዋል።

«አንተ ሰው ማስታረቅ ታውቃለህ፤ ትዕግሥትም አለህ። ና» አለኝ።

ሐራራ የያዘውን ሰው ለሽምግልና የጠራ አጎት ከኔ ሌላ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከአዲስ አበባ ሚዛን ተፈሪ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በወልቂጤ፣ በጅማ፣ በቦንጋ ይታለፋል። አውቶቡሱ ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ ሸለቆ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ ከታች እየጨመረ ይቀበላችኋል። መስኮት ከፈትኩ። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት እጃቸውን በትከሻዬ ላይ አሳልፈው ዘጉት። ከፈትኩት። ዘጉት። «እማማ፣ ታፍነን ልንሞት ነው» አልኳቸው። «ልጄ፣ በሙቀት የሞተ አላየሁም፤ ንፋስ መትቶት የቀረ ግን ስንቱን ቀብሬያለሁ» አሉኝ። ተሳፋሪው በሙሉ ከእሳቸው ጋር ቆመ። ረዳቱ መጥቶ፣ «ወንድም፣ አዋቂ ሰው ትመስላለህ፤ ለምን ሰው ታስቸግራለህ?» ሲለኝ የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም። ለመስኮት ሲባል የማይገባ ነገር ነበር። ሆኖም ዛሬም አቋሜ ያው ነው፤ መስኮቱ መከፈት ነበረበት።

ሐራራ ይዞት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ከዓይን ኋላ የሚጀምር ራስ ምታት አለው። ማዛጋት አለው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሰው ሁሉ ሆን ብሎ ሊያናድድህ የተነሳ መስሎ መታየቱ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንጎላችን ሲሠራ በዋለ ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ የተዘጋጀለት ቦታ ላይ ሲያርፍ ድካም ይሰማናል፣ እንቅልፍ ይመጣል። የቡናው ካፌይን ደግሞ በመናኸሪያ ቀድሞ ገብቶ፣ ወንበሩ ላይ ቦርሳ ጥሎ «ሰው አለው» እንደሚል ተሳፋሪ የአዴኖሲንን ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ዓመታት ቡና የጠጣ አንጎል ይሄን ዓይቶ ተጨማሪ ቦታ ያዘጋጃል። እንግዲህ ቡናው ድንገት ሲቀር አዴኖሲን ግር ብሎ ገብቶ አሮጌውንም አዲሱንም ይይዘዋል። ሕመሙ የሚጀምረው ከመጨረሻው ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጠነክራል፣ እስከ ዘጠኝ ቀንም ሊቆይ ይችላል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ራሱን የቻለ ችግር አድርጎ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ከምልክቶቹም አንዱ ነጭናጫነት ነው። የእኛ እናቶች ረከቦት ፊት ቁጭ ብለው «ተዉት፣ ሐራራው ነው» ሲሉ ግን የኖሩት ከዚያ በፊት ነው።

ካፌይንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ሩንገ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1819። የቡናውን ፍሬ ሰጥቶ «እስቲ ይህን መርምረው» ያለው ታላቁ ገጣሚ ጎተ ነበር። ገጣሚ እንዲህ ያለ ሥራ ሲያዝዝ ደስ ይለኛል።

ጅማ ያደርኩበት ክፍል ሥር ሌሊቱን ሙሉ ይሁን ጎሕ ሲቀድ ብቻ አላውቅም፣ ቡና ይቆላ ነበር። ቦንጋ ስንቆም ብሔራዊው የቡና ሙዚየም በከተማዋ መኖሩን ረዳቱ በኩራት ነገረን፤ ኩርፊያችንን ረስቶ ለኔም ጭምር። አመሰግናለሁ አላልኩትም። ከቦንጋ ወዲያ ጫካ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ጭጋግ ነው፤ ከዛፉ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ። በዚህ አገር ዝናቡ ከዓመቱ ወራት አብዛኛውን ይይዛል፤ ጥቅምት ደረሰ ብሎ የሚቆም ዝናብ አይደለም።

አጎቴ ቤት ስደርስ ቄጤማው ተጎዝጉዟል። የአጎቴ ሚስት ቡናውን እያጠበች ነበር። ሰላምታው ሳያልቅ የቡናው ጭስ በግራ በቀኝ ዞሮ መጣ፤ በእጄ ወደ አፍንጫዬ ሳብ አድርጌ «እሰይ» ማለት ሲገባኝ ፊቴን መለስኩ። አቦሉ ሲቀዳ፣ «እትዬ፣ እኔ ቡና አልጠጣም» አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

«ምን አጠፋን?» አለች።

«ምንም። ጨጓራዬን ነው።»

«ጨጓራ እኮ እኔም አለኝ። ቁርስ ብላበት እንጂ ቡና ምን አደረገ?»

አጎቴ በበኩሉ ሃይማኖት የቀየርኩ መስሎት በዓይኑ አንገቴን ፈተሸ፤ ማተቤን ሲያየው ተረጋጋ። ነገሩ በታሪክ ሲታይ ያስቃል። በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ቡና እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ «የእስላም መጠጥ» ተብሎ ይራቅ ነበር፤ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ ነገሩን ማለዘባቸው ነው መንገዱን የከፈተው። የአጎቴ ቅድመ አያት ማተቡን እያሳየ ቡና እምቢ ይል ነበር፤ አጎቴ ማተቤን አይቶ ቡና ለምን እምቢ አልክ ይለኛል።

ጎረቤቱ የሸኮ ተወላጅ አዛውንት ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚያው መሬት ላይ። የኔን ነገር ሰምተው አዘኑና ቤታቸው ልከው በማሰሮ የተፈላ መጠጥ አስመጡልኝ። «ይሄ ቡና አይደለም፤ ቅጠሉ ነው» አሉ። በዚያ አገር የቡና ቅጠል ይፈላል፤ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ አንጀት የሚያቃጥል ቃሪያ ይገባበታል። ጠጣሁት። ካፌይን ቅጠሉም ላይ አለ፣ ብቻ ከፍሬው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ሐራራዬን ቀሰቀሰው እንጂ አላጠፋውም። ቃሪያው ግን ሐኪሜ የጻፈውን ወረቀት በሙሉ ሻረው። ሌሊቱን ሆዴን ይዤ አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጉባኤው ተቀመጠ። የበኩር ልጁ ቴፒ ከተማ እሸት ቡና እየሰበሰበ ለአቅራቢ የሚያስረክብ ነጋዴ ነው፤ መንገድ ዳር ያለው ቡና ለኔ ይገባኛል ይላል፣ መኪና ይገባበታልና። ሴቷ ሚዛን የምትኖር አስተማሪ ናት፤ ያንኑ መንገድ ዳር ትፈልጋለች፣ ምክንያቷ ግን ወንድሟ ስለፈለገው ይመስለኛል። ትንሹ ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ያጠናል፤ እሱ የትኛውንም አይፈልግም፣ ድርሻው በብር ይሰጠኝ ባይ ነው። እኔ መሐል ተቀምጫለሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ራሴ ይወቅራል። ነጋዴው ለአራተኛ ይሁን ለአምስተኛ ጊዜ «እኔ እኮ ለራሴ ብዬ አይደለም» ሲል፣ «ታዲያ ለማን ብለህ ነው? ለዛፉ?» አልኩት፤ ድምፄ ከዝናቡ በላይ ወጣ።

ትንሹ ሳቀ። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ሙዲ ነህ!» አለኝ።

እህቱ ሳቀች። ከዚያ ነጋዴው ሳቀ። ከመጣሁ ሦስቱ አብረው አንድ ነገር ሲያደርጉ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሙድ ሲይዙብኝ።

ትርጉም ሥራ እንጀራዬ ነውና በቃል አልታማም። ተቀምጬ ልጁን አስተማርኩት፤ እሱም ለእንግሊዝኛ ተማሪነቱ ጆሮውን ሰጠ። «ሙዲ» ዛሬ ፊቱ በየሰዓቱ የሚለዋወጥ፣ ያለ ምክንያት የሚያኮርፍ ማለት ነው። ሥሩ ግን ሌላ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሞድ» ማለት ልብ፣ መንፈስ፣ ወኔ ነበር፤ «ሞዲግ» ደግሞ ደፋር፣ ልበ ሙሉ። «ቤዎልፍ» በተባለው ጥንታዊ ግጥም ውስጥ ጀግኖቹ የሚወደሱበት ቃል ነው። ጀርመኖች ዛሬም ወኔን «ሙት» ይሉታል፤ ስዊድኖችና ዴንማርኮች ዛሬም ጀግናን «ሞዲግ» ይላሉ። ቃሉ የተዋረደው እንግሊዞቹ እጅ ነው። ደፋሩ ኩሩ ሆነ፤ ኩሩው እልኸኛ፤ እልኸኛው ቁጡ፤ ቁጡው በመጨረሻ አኩራፊ ሆኖ ቀረ። በሼክስፒር ዘመን ፊቱን ያጠቆረውን ሰው በዚህ ስም ይጠሩት ጀምረዋል።

«ታዲያ የሰዋስዉ ሙድስ?» አለ ልጁ።

እሱ ዘመዱ አይደለም። የግሱ ሙድ በላቲን «ሞዱስ» በኩል የመጣ ነው፣ አኳኋን ማለት፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ተገናኝተው ተመሳሰሉ እንጂ እናታቸው ለየብቻ ናት። ልጁ ደብተር አወጣ። ደብተር ሲያወጣ ደግሞ እኔ አላቆምም። ሙዲ የሚል የአባት ስም ያላቸው እንግሊዞች ስማቸው ከሥሩ ሲፈታ «ደፋር» ነው አልኩት። የአገሮችን ብድር የመክፈል አቅም የሚመዝነው ሙዲስ የሚባለው ድርጅትም ስሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1909 የባቡር ኩባንያዎችን መመዘን ከጀመረው ከጆን ሙዲ ነው። ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2014 «ቢ1» ብሎ መዘናት፤ በኋላ ደጋግሞ ዝቅ አደረጋት። ነጋዴው እዚህ ላይ ስልኩን ትቶ ማዳመጥ ጀመረ።

የእኛውስ ምን ያንሳል? ወኔውን ሐሞት ላይ ያስቀመጥን ሕዝቦች ነን። የማይበገረው ሐሞተ ኮስታራ ነው፤ የፈራው ሐሞቱ ፈሰሰ። የጥንት ግሪክ ሐኪሞች ደግሞ የትካዜን ምንጭ ሐሞት ላይ አስቀመጡት፤ «ሜላንኮሊያ» ማለት ጥቁር ሐሞት ነው። አንዱ አገር ጀግንነቱን ያገኘበት ከረጢት ውስጥ ሌላው ድብርቱን አገኘ። የአጎቴ ሚስት ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ፣ «ይሄ ሁሉ አንድ ስኒ ቡና አጥቶ ነው» አለች።

ጉባኤው ለከሰዓት ተቀጠረ። ዝናቡ ጋብ ሲል ወጣሁ።

ከቤቱ ጀርባ የነጋዴው ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቷል። ለማያውቅ፣ አልጋ የሚባለው ከመሬት በወገብ ልክ ከፍ ተደርጎ በእንጨትና በሽቦ ወንፊት የተሠራ ማድረቂያ ነው፤ ቀይ እሸቱ እዚያ ላይ በስሱ ተበትኖ፣ በቀን ብዙ ጊዜ እየተገላበጠ፣ ጀንፈል እስኪሆን ድረስ ይሰነብታል። ዝናብ ሲመጣ በላስቲክ ይሸፈናል። አሁን ተገልጧል። ዳር ዳሩ ጠቆር ማለት የጀመረ ቀይ ነው፤ ሽታው ቡና ቡና አይልም፣ የበሰለ ፍራፍሬ ሊኮመጥጥ ሲል ያለውን ይሸታል። ከአልጋው ወዲያ አንዲት ላም ቆማለች። ጥቁር ናት፣ ትንሽ ናት፣ እግሯ አጭር። ሻኛዋ ከቁጥር የማይገባ፣ ቀንድ የሚባል ነገር የሌላት። ሥሯ ከተወለደ ብዙ ያልቆየ ጥጃ ተኝቷል።

እኔ ያደግሁት ሰሜን ነው። ቀንዳቸው ክንድ ከስንዝር የሆነ በሬዎች መሐል ነው ያደግሁት። ይቺን ማን ይፈራል? «ነይ እስቲ» ብዬ ወደ ጥጃው ጎንበስ አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላውቀውም። ድምፅ አላሰማችም፤ አልፎከረችም፤ ጅራቷንም አላነሳች። ግንባሯ ጎኔ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው መምጣቷን ያወቅሁት። ተነስቼ ሮጥኩ። ጭቃው አንድ ጫማዬን አስቀረ። ዞር ስል ያው ኋላዬ ናት። አልጋውን ለመዝለል አስቤ ይሁን ለመደገፍ፣ ብቻ በደረቴ ወደቅሁበት፤ እግሩ ተሰበረ፤ እኔና የነጋዴው እሸት ቡና አብረን ወደ ጭቃው ወረድን። ላሚቱ እዚያ ድረስ ከመጣች በኋላ ቆም ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ጥጃዋ ተመለሰች።

ሁሉም ወጡ። ነጋዴው ቡናውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ቡናውን አየ። ጭቃ የነካው እሸት ዋጋው እንደሚወርድ ለማንም መንገር አያስፈልገውም። ትንሹ ልጅ ከሳቁ የተነሳ ግንዱን ተደግፏል። «ሙዷ ነው ጋሼ! ሙዷ ነው!» ይላል።

ጎረቤትየው አዛውንት መጡና ላሚቱን በሸኮኛ አነጋገሯት። ሸኮኛም ሆነ በአጎራባች የሚነገረው ቤንችኛ በቃና የሚለዩ ቃላት ያሏቸው ቋንቋዎች ናቸው፤ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ፍቺው ይለወጣል። እዚያ አገር ተቆጥቶ ድምፅ ከፍ ማድረግ ሳያስቡት ሌላ ቃል ያናግር ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር፤ እሳቸው ግን በቀስታ ነው ያናገሯት። ጆሮዋን አዞረች፤ ይበቃታል መሰለኝ ሣሯን ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ የተቀመጠው ሽምግልና የኔና የነጋዴው ሆነ። ሽማግሌውም አዛውንቱ ነበሩ። ፍርዳቸው አጭር ነው፤ ቡናውን ሁላችንም እንለቅማለን፣ አልጋውን እኔ አሠራለሁ፣ ከዚያ ሁለታችን ከአንድ ጀበና ጠጥተን እንታረቃለን። «ጨጓራው…» ብዬ ስጀምር፣ «ቡና ያልጠጡበት እርቅ እርቅ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሐኪሜ በዚያች ሰዓት ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር። ለቀምን። እሸት ቡና ከጭቃ መልቀም ጥፍር ሥር ይገባል፤ ልጣጩ ሲፈርጥ ጣት ላይ የሚቀረው ስኳር ይጣበቃል፣ ንብም ይጠራል። ነጋዴው ከኔ አጠገብ ተንበርክኮ እየለቀመ ብዙ አልተናገረም፤ ብቻ የተፈረካከሰውን ለብቻ፣ ደህናውን ለብቻ መለየት አሳየኝ።

ቁርስ በልቼበት አቦሉን ጠጣሁ። ካፌይን ደም ውስጥ ተዳርሶ ለመግባት ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃዋል ይላሉ። ቶናው ሳይቀርብ ዓይኔ ሥር የነበረው ክብደት ተነሳ። ዝናቡ እንኳን ቆርቆሮውን ጥሩ አድርጎ ይመታው ጀመር። ጨጓራዬ የዚያን ቀን ምንም አላለም፤ ኋላ ላይ ያለውን ለሐኪሜ ብቻ ነው የነገርኩት።

አዛውንቱ ስለ ላሚቱ የነገሩኝ ያኔ ነው። ዝርያዋ የአካባቢውን ስም ይዞ ሸኮ ይባላል። ባለሙያዎች በምሥራቅ አፍሪካ ጥንት ከነበሩት ሻኛ አልባ ከብቶች የቀረች ነች ይሏታል። አገሩ ቆላ ነው፣ ዝንቡ የገንዲ ነው። ገንዲ የያዘው ከብት ደሙ እየተመናመነ፣ ፀጉሩ እየቆመ፣ ሣር መሐል ቆሞ እየከሳ ይሞታል። ከደጋ የመጣ በሬ እዚያ አገር በመርፌ ካልተደገፈ አይበረክትም። ሸኮዋ ግን ዝንቡ ይነክሳታል፣ ጥገኛው ይገባባታል፣ እሷ ትቋቋመዋለች፤ ወተቷንም አትከለክልም። ይህን ተመራማሪዎችም ፈትነውታል። አቢጋር፣ ጉራጌ፣ ሆሮና ሸኮ የሚባሉትን አራት የአገራችን ዝርያዎች ገንዲ ባለበት ቦታ አብረው አሰማርተው ሲከታተሉ፣ በሽታው ያነሰባትም፣ ደሟ የተሻለ ሆኖ የቆየውም ሸኮ ነበረች። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ቦታውን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ጊቤ ሸለቆ፣ እኔ ለመስኮት የተጣላሁበት።

«ታዲያ ለምን አገሩን አልሞላችውም?» አልኳቸው።

«በአመሏ ነዋ» አሉ። «ሰው አትወድም። ጥጃ ስትይዝ ደግሞ አይጣል ነው። ልጆች ጠባቂ መሆን ፈሩ። ወይፈኑ ገና ሳይጎለብት ይኮላሻል፣ ተዋጊ ነው ተብሎ። የተኮላሸ አይወልድም። ላሞቹ ታዲያ በማን ይጠቁ? ከሌላ ከብት ይዳቀላሉ። ጥጃው ጨዋ ይሆናል። ያ ጨዋ ጥጃ ገንዲ ሲመጣ…» እጃቸውን በአየር ላይ ገለበጡት።

ንፁሁ ሸኮ እያለቀ ካሉት የከብት ዝርያዎች መሐል ይቆጠራል። እኔ ጎኔ እያመመኝ ቢሆንም ከላሚቱ ጋር ነኝ። ልጇን ሊነካ የመጣ፣ የማታውቀው፣ ቡና ያልጠጣ ሰው አየች፤ ያደረገችውን አደረገች። እንግሊዞቹ ቃሉን ከማበላሸታቸው በፊት ቢያዩዋት «ሞዲግ» ይሏት ነበር፤ ያውም ለሙገሳ። ይህን ለልጁ ስነግረው ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ ከጎኑ ደግሞ ላም ሳለ፣ ቀንድ ጨምሮባት። አጥፋው አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ድልድሉ ቀጠለ። በረካው እስኪቀዳ መሬቱ አለቀ፤ መንገድ ዳሩን ነጋዴውና እህቱ እኩል ተካፈሉ፣ ትንሹ የውስጠኛውን ወስዶ ለወንድሙ ሊያከራይ ተስማማ። ፈጥኖ ያለቀው በኔ ጥበብ አይደለም፤ ጠዋት ጭቃ ላይ ተንበርክከው አብረው ሲለቅሙ ግማሹን ጨርሰውት ነበር። የቀረችው ላሚቱ ናት። አጎቴ «እሷስ?» ሲል ሁሉም ስኒያቸውን ማየት ጀመሩ። ነጋዴው ሱቅ ውስጥ ላም አላስቀምጥም አለ። ትንሹ የዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት አስቡልኝ አለ። አስተማሪዋ ብዙ ካሰበች በኋላ፣ «እኔ እወስዳታለሁ። ጥጃውንም» አለች። ሚዛን ዳር ላይ የባሏ እናት ግቢ ሰፊ ነው።

አዛውንቱ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አንድ ነገር አለኝ። ጥጃው ወንድ ነው። አታኮላሹት። እኔ ሁለት ጊደር አለኝ፤ እስኪደርስ ልጠብቅ።»

«ተዋጊ ቢሆንስ አባባ?» አለች ልጅቱ።

«ይሆናል እንጂ» አሉ።

ነጋዴው ቀና አለ። ሁለት ጊደር የሚያስጠብቅ ኮርማ ምን ያህል ያወጣል ብሎ ጠየቀ፤ ለራሱ ብሎ እንዳልሆነም አስረዳ። እህቱ «ጥጃው የኔ ነው፣ አሁን ነው የተባለው» አለች። እሱ «ላሚቱ ናት የተባለችው» አለ። አጎቴ ወደኔ ዞረ። እኔ ስኒዬን ወደ እትዬ ዘረጋሁ።